መስታወቱ ውስጥ ካሜራ የያዘው ማነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ልጅ ሆኜ ጆይስቲክ የሚደርሰኝ ታላቅ ወንድሜ ሲደክመው ብቻ ነበር። እሱ ደግሞ ቶሎ አይደክመውም። ስለዚህ ጎኑ ቁጭ ብዬ አያለሁ። እሱ ጠላት የሚመጣበትን አቅጣጫ ሲጠብቅ፣ እኔ ሥራ ስለሌለኝ ጣሪያውን፣ የውሃውን ዳር፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሥዕል አያለሁ። «እዚያ ጋ የሆነ ነገር አለ!» እለዋለሁ። «ዝም በይ፣ ልታስገድይኝ ነው!» ይለኛል። ዛሬ ጆይስቲኩ የራሴ ነው፤ ዓይኔ ግን የለመደውን አልተወም። ያየሁትን በደብተር እጽፋለሁ፤ አሁን አምስተኛው ደብተር ላይ ደርሻለሁ።

ባለፈው እትም፣ ጌም ውስጥ ያያችሁትን፣ ሌላው ሰው ሳያስተውለው ያለፈውን ትንሽ ነገር ጻፉልኝ ብዬ ነበር። ከጠበቅሁት በላይ ጻፋችሁ፤ ብዙዎቻችሁ ደግሞ ጥያቄ ጨመራችሁበት። የመረጥኳቸው እነሆ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የአንዳንድ ጌሞችን ታሪክ ስለምነካ፣ ገና ያልጨረሳችሁት ካለ ያንን አንቀጽ ዝለሉት።

ጥያቄ፦ *ጓደኛዬ ሱፐር ማሪዮ ላይ ያለው ደመናና ቁጥቋጦው አንድ ሥዕል ነው፣ የተቀየረው ቀለሙ ብቻ ነው ብሎ አወራረደኝ። እውነት ከሆነ ግን ስንፍና አይደለም ወይ?* — ውርርድ የገባ

ወንድሜ፣ ተበልተሃል። በ1985 የወጣው ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ ላይ ሰማይ ላይ ያለው ነጭ ደመናና መሬት ላይ ያለው አረንጓዴ ቁጥቋጦ ቅርጻቸው አንድ ነው። አንዱን በሌላው ላይ ብትደርበው ልክ ይገጥማል።

ስንፍና ነው የሚለውን ግን አልቀበልህም። ጌሙ በሙሉ የሚገባው 40 ኪሎባይት ውስጥ ነበር፤ 32ቱ ለፕሮግራሙ፣ 8ቱ ለሥዕሎቹ። በስልክህ የምታነሳው አንድ ፎቶ ብቻውን ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በዚያች 8 ኪሎባይት ውስጥ ማሪዮ፣ ጠላቶቹ፣ ጡቡ፣ ቱቦው፣ ፊደሉና ቁጥሩ ሳይቀር መግባት ነበረበት። ለደመና የሚሆን ቦታ ሲጠፋ ቁጥቋጦውን ነጭ ቀብቶ ሰማይ ላይ የሰቀለው ሰው፣ እኔን ለዓመታት ሰማይ ነው ብሎ አሳምኖኛል።

የማሪዮ መልክ ራሱ የመጣው ከዚሁ ችግር ነው። በ1981 ዶንኪ ኮንግ ሲሠራ ሺገሩ ሚያሞቶ በጣት በሚቆጠሩ ነጥቦች ሰው መሣል ነበረበት። ፀጉር ሲያስቸግረው ኮፍያ ደፋለት። አፍ አልወጣ ሲለው ትልቅ አፍንጫና ሪዝ አደረገለት። ዛሬ ማሪዮን ለመለየት ኮፍያውና ሪዙ ይበቃሃል።

ደብተሬ ውስጥ ይህን የመሰለ ብዙ አለ። በ1978 የወጣው ስፔስ ኢንቬደርስ ላይ ጠላቶቹ ባለቁ ቁጥር የቀሩት እየፈጠኑ ይመጣሉ። ሠሪው ቶሞሂሮ ኒሺካዶ ያንን አስቦ አልጀመረውም፤ ማሽኑ የሚሥላቸው ጠላቶች ሲያንሱለት ስለሚቀለው ነው የሚፈጥነው። ኒሺካዶ አይቶ ወደደው፤ ተወው። የ1999ኙ ሳይለንት ሂልም እንዲሁ ነው። ፕሌይስቴሽኑ ሩቅ ያለውን መሣል ስላልቻለ ከተማዋን በጭጋግ ሸፈኗት። ዛሬ ያንን ጭጋግ ብታነሳው ጌሙ ይሞታል።

ጥያቄ፦ *ልጄ 11 ዓመቱ ነው። ጌም የሚጫወትበት ሰዓት ወስኜለታለሁ። አንዳንዴ ገብቼ ሳየው ግን ምንም አይጫወትም። ሰውዬውን አቁሞ ዝም ብሎ ያየዋል፤ ወይም ግድግዳ ላይ አፍጥጦ ይቆማል። «ለምን አትጫወትም?» ስለው «እየተጫወትኩ እኮ ነው» ይለኛል። ሊያሳስበኝ ይገባል?* — እናት

እህቴ፣ አያሳስብዎት። ልጅዎ እውነቱን ነው የነገረዎት።

ጌም የሚሠሩ ሰዎች፣ ተጫዋቹ ጆይስቲኩን ሲያስቀምጥ ምን ይሁን ብለው ቁጭ ብለው ያስባሉ። በ1991 የወጣውን ሶኒክን ካቆሙት ፊቱን ወደ እርስዎ አዙሮ እግሩን መሬት ላይ መታ መታ ያደርጋል፤ አንሄድም ወይ ማለቱ ነው። በ1993ቱ ሶኒክ ሲዲ ላይ ደግሞ ሦስት ደቂቃ ሙሉ ካልነኩት «ሄጃለሁ» ብሎ ከስክሪኑ ዘሎ ይወርዳል፤ ጨዋታውም እዚያው ያበቃል። በ1996ቱ ሱፐር ማሪዮ 64 ማሪዮ መጀመሪያ ያንቀላፋል፣ ቀጥሎ ይቀመጣል፣ ከዚያም ተጋድሞ ይተኛል። ብዙ ከቆዩ በእንቅልፍ ልቡ ስለ ፓስታ ሲያወራ ይሰሙታል። በረዷማ ሌቭል ላይ ካቆሙት ደግሞ ይንቀጠቀጣል። ይህን ሁሉ የሚያየው የቆመ ሰው ብቻ ነው፤ የሚሮጠው አያየውም።

ግድግዳውን በተመለከተ ደግሞ አንድ ነገር ላጫውትዎ። ሱፐር ማሪዮ 64 ሲጀምር ደመና ላይ የተቀመጠ ላኪቱ የሚባል ፍጥረት ከዘንግ ላይ ካሜራ አንጠልጥሎ ይመጣል፤ ማሪዮን እየተከተለ የሚቀርጸው እሱ እንደሆነ ይነገረናል። ሁሉም ሰው አንብቦ ይረሳዋል። ከብዙ ሰዓት ጨዋታ በኋላ ቤተ መንግሥቱ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ይገኛል፤ አንደኛው ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር መስታወት ነው። ማሪዮ ሲገባ መስታወቱ ውስጥ ሌላ ማሪዮ አብሮት ይገባል። ወንድሜ ያን ቀን ወደሚቀጥለው ሌቭል የሚያስገባውን ሥዕል ይፈልጋል። ሥዕል የለም፤ በዚያ በኩል ያለው ግድግዳ ባዶ ነው። እሱ ባዶውን ግድግዳ ሲዞር እኔ መስታወቱን አያለሁ። ከማሪዮ ኋላ ከፍ ብሎ አንድ ነገር ተንሳፍፏል።

«የሆነ ሰው እየተከተለህ ነው» አልኩት።

ደንግጦ ዞረ። ሲዞር ያ ነገርም አብሮት ዞረ። ላኪቱ ነበር፤ ካሜራውን እንደያዘ። እስከዚያ ቀን ድረስ ጌሙን ስናይ የኖርነው በእሱ ዓይን መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው። ያኔም አላበቃም። መስታወቱ ውስጥ ባዶው ግድግዳ ላይ ሥዕል ተሰቅሏል! በእውኑ ክፍል የለም፤ በመስታወቱ ግን አለ። ወንድሜ በመስታወቱ እየተመራ ባዶ ወደሚመስለው ግድግዳ ዘለለ፣ ግድግዳው ዋጠው፣ በረዶው አገር ገባን። ያን ቀን ጆይስቲኩን ሳልጠይቀው ሰጠኝ።

ስለዚህ ልጅዎ ግድግዳ ላይ አፍጥጦ ሲያገኙት ጎኑ ቁጭ ይበሉና «ምን አየህ?» ይበሉት። «ለምን አትጫወትም?» ሲሉት በአንድ ቃል የሚመልስልዎ ልጅ፣ ያኔ ብዙ ያወራዎታል።

ጥያቄ፦ *በዝርዝር ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2 ላይ የሚደርስ ጌም የለም። የሰውዬው ፂም ያድጋል፣ መሣሪያው ይቆሽሻል፣ ሲበላ ይወፍራል። ለምንድነው ስለ አሮጌ ጌም ብቻ የምታወሪው?* — ተቆርቋሪ

ያልከው ሁሉ እውነት ነው፤ የ2018ቱን ሬድ ዴድ 2ንም እወደዋለሁ። የዋናውን ሰውዬ የአርተርን ፂም ሆን ብዬ ሳልላጨው ትቼ ከተማ ስገባ፣ ከመስታወት ፊት ቆሜ «ይሄን ያህል ጊዜ ጫካ ቆይቻለሁ እንዴ?» ብያለሁ።

ግን ሁለት ዓይነት ዝርዝር አለ፤ እኔ የማዳላው ለሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው የሚታይ ነው። በ2001 በወጣው ሜታል ጊር ሶሊድ 2፣ መርከቡ ውስጥ ካለው መጠጥ ቤት የበረዶ መያዣውን ተኩሰህ ብትገለብጠው በረዶዎቹ መሬት ላይ ፈሰው ቀስ በቀስ ይቀልጣሉ። አፌን ከፍቼ ነው ያየሁት። ሁለተኛ ጊዜ ግን አልተመለስኩበትም፤ ካየሁት በኋላ በረዶው ከእኔ ጋር ጉዳይ የለውማ። ሁለተኛው ዓይነት የሚያይህ ነው። አንተ ያደረግኸውን ይይዝልሃል፤ ቆይቶ ያመጣዋል።

ለዚህ ከ1995ቱ ክሮኖ ትሪገር የሚበልጥብኝ የለም። ጨዋታው የሚጀምረው በአንድ ትልቅ የበዓል ገበያ ነው። አንተ የምትጫወተው ልጅ ክሮኖ ከአንዲት ልጅ ጋር ይጋጫል፤ የአንገት ጌጧ ይወድቃል። አንተ ጌም መጫወት የለመድክ ሰው ስለሆንክ የሚያብለጨልጭ ዕቃ ስታይ መጀመሪያ ዕቃውን ታነሳለህ። ገበያው ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ምግብ ታገኛለህ፤ ትበላዋለህ፤ ደም (ሕይወት) ይጨምርልሃል። አንዲት ትንሽ ልጅ ድመቷ ጠፍታባታለች፤ ትረዳታለህ ወይ ታልፋታለህ። ጌጧ የወደቀባት ልጅ ከረሜላ እስክትመርጥ ድረስ «ጠብቀኝ» ትልሃለች፤ ቆመህ ትጠብቃታለህ ወይ ሰልችቶህ ትሄዳለህ። አንዱም ነገር ጥያቄ አይመስልም። «ይህንን ካደረግህ እንዲህ ይሆናል» የሚልህ የለም።

ከሰዓታት በኋላ ክሮኖ ተይዞ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ልጅቷ ለካ ልዕልት ናት፤ አንተ ደግሞ ልዕልት በመጥለፍ ተከሰሃል። ከዚያ ምስክር ይጠራል። ያ ምግቡን የበላህበት ሽማግሌ ይቆምና «ምሳዬን በላብኝ» ይላል። ድመቷን ያመጣህላት ልጅ ብትሆን ደግሞ ለአንተ ትመሰክራለች። መጀመሪያ ያነሳኸው ልጅቷን ነው ወይስ ጌጧን? ይህም ይነሳል። መጀመሪያ ስጫወተው የሽማግሌውን ምሳ በልቼ፣ ጌጡን አንስቼ፣ ድመቷንም አይቼ እንዳላየሁ ሆኜ ነበር። ፊቴ ጋለ። ሌላ ጌም ውስጥ ለዓመታት ጠረጴዛ ላይ ያገኘሁትን ሁሉ ስበላ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የማን ነው ብሎ የጠየቀኝ ግን ያ ሽማግሌ የመጀመሪያው ነው። ቅጣቱን ፍርዱ ያን ያህል አይቀይረውም፤ ነፃ ብትባልም ወደ እስር ቤት ነው የምትወርደው። ለእኔ ግን ምስክሮቹ በቂ ነበሩ።

የ2005ቱን ሬዚደንት ኢቭል 4ን ደግሞ አስብ። ገና መጀመሪያው ላይ ወጥመድ የያዘው ውሻ ጫካ ውስጥ ያለቅሳል። ጥይት የለህም፣ ጠላት አለ፣ ቸኩለሃል። ቆመህ ብታስፈታው ሮጦ ይሄዳል፤ ምንም አይሰጥህም። በኋላ ግን አንድ ግዙፍ ፍጥረት ፊት ለፊት ሲመጣብህ ውሻው ገደሉ ላይ ቆሞ ይጮኻል፤ ወርዶም ግዙፉን ትኩረቱን ይስብልሃል። ካላስፈታኸው አይመጣም። አለመምጣቱንም አታውቅም።

በ2001ዱ ሳይለንት ሂል 2 መጨረሻውን የሚወስነው በከፊል፣ አንዲት ሴት የሰጠችህን ቢላዋ ደጋግመህ ማየትህና ስትቆስል ራስህን ቶሎ አለማከምህ ነው። በ2015ቱ አንደርቴል ደግሞ አንዲት ደግ ገፀ ባሕርይን ገድለህ፣ ተጸጽተህ፣ የድሮውን ሴቭ (ቀድሞ የተቀመጠውን ጨዋታ) ከፍተህ በሕይወት ብትተዋት፣ አንዲት አበባ ቀጥላ ትመጣና ያደረግኸውን አውቃለሁ ትልሃለች። የሰረዝኩት ነገር ሲነገረኝ ጆይስቲኩን አስቀምጬ ነው የቆየሁት።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ከአሮጌነት ጋር የያዘኝ ነገር የለም። ነገ የሚወጣ ጌም ምሳው የማን እንደሆነ ቢጠይቀኝ፣ የሚቀጥለው ዓምድ ስለ እሱ ይሆናል።

ጥያቄ፦ *ልጅ እያለሁ ፕሌይስቴሽን 2 ሲከፈት ስክሪኑ ላይ ጨለማ ውስጥ የቆሙ ማማዎች ይታዩ ነበር። የእኛ ቤት ብዙ ነበሩት፣ የጎረቤታችን ጥቂት። አሁን ለሰው ስነግር «ሕልም ነው» ይሉኛል።* — ማማ ያየሁ

ሕልም አይደለም። ማማዎቹ የሜሞሪ ካርድህ ታሪክ ናቸው። አንድ ጌም ተጫውተህ ሴቭ ስታደርግ ይበቅላሉ፤ ያንኑ ጌም ደጋግመህ በከፈትክ ቁጥር ይረዝማሉ። አዲስ ካርድ ያለው ሰው ሲከፍት ባዶ ሜዳ ነው የሚያየው። የእናንተ ቤት ማማ በዝቶ ከነበረ፣ ብዙ ተጫውታችኋል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ *ከቦስ (ከትልቁ ጠላት) ጋር ስገጥም ሁልጊዜ የማሸንፈው ደሜ ክር አክሎ ሊያልቅ ሲል ነው። ጎብዤ ነው ወይስ ጌሙ እያዘነልኝ ነው?* — የጠረጠረ

ሁለቱም ሊሆን ይችላል። በ2017 ጄኒፈር ሾይርሌ የምትባል የጌም ዲዛይነር፣ ባልደረቦቿ ለተጫዋች ሳይነግሩ የሚደብቁትን ብልሃት እንዲያወጡ በትዊተር ጠይቃ ነበር። ያኔ ከወጣው አንዱ ይህ ያንተ ጥርጣሬ ነው፤ አሳሲንስ ክሪድና ዱም ላይ የደም መስመሩ መጨረሻ ላይ ያለችው ቁራጭ ከሚታየው በላይ ሕይወት ትይዛለች። ክር አክላ የምታያት ክር አይደለችም። የባዮሾክ ሠሪዎችም፣ ሊገድልህ የነበረው ምት ሲያርፍብህ ለአንድ ሁለት ሰከንድ ምንም እንዳይነካህ ያደርጉ ነበር። ሬዚደንት ኢቭል 4 ደጋግመህ ከሞትክ ጠላቱን ይቀንስልሃል፤ ሲሳካልህ ያከብድብሃል። በ2008ቱ ሌፍት ፎር ዴድ ደግሞ የእናንተን ጭንቀት እየለካ ጠላት የሚልክና ፋታ የሚሰጥ፣ ዳይሬክተር የሚሉት ፕሮግራም ከጀርባ አለ።

ከሁሉም የምወደው የ2018ቱን ሴሌስትን ነው። ከባድ ጌም ነው፤ ተራራ ነው የምትወጣው፤ ሺህ ጊዜ ትወድቃለህ። ግን ከገደሉ ጫፍ እግርህ ከለቀቀ በኋላ ለአንድ አሥረኛ ሰከንድ ያህል መዝለል ትችላለህ። አየር ላይ ነህ፤ ጌሙ ግን መሬት ላይ እንዳለህ ይቆጥርልሃል። ጌም ሠሪዎች ኮዮቴ ታይም ይሉታል፤ ካርቱን ውስጥ ከገደል አልፎ አየር ላይ የሚሮጠውና ወደ ታች እስኪያይ ድረስ የማይወድቀው ኮዮቴ ስሙን ሰጥቶት ነው። ዘግይተህ የነካኸው ቁልፍ በሰዓቱ እንደነካኸው ይቆጠራል። አንተ የሚሰማህ «ደረስኩባት!» ነው።

ይህን ሳውቅ በመጀመሪያ ተከፍቼ ነበር፤ የማሸንፈው በራሴ ይመስለኝ ነበራ። ኋላ ግን የገመድ ዝላይ ትዝ አለኝ። ትልልቆቹ ልጆች ትንሿ ስትገባ ገመዱን ሳይናገሩ ዝግ ያደርጉላታል፤ ትዘላለች፤ ዘለልኩ ትላለች። መዝለሏ ግን ውሸት አይደለም። ይህንኑ ብልሃት ገልብጠው፣ ሆን ብለው አስጨንቀው ገንዘብ እንድትከፍል የሚያደርጉትን ግን አልወድም፤ እነሱ ገመዱን የሚያፈጥኑት ትንሿን ልጅ ለመጣል ነው።

ጥያቄ፦ *የፕሮግራሚንግ ተማሪ ነኝ፤ ብቻዬን ትንሽ ጌም እየሠራሁ ነው። የቀረኝ አንድ ወር ነው። ምን ዓይነት ትንንሽ ነገሮች ባስገባ ጌሜ ሕይወት ይኖረዋል?* — ጊዜ ያጠረኝ

እህቴ፣ «ነገሮች» አትበይ፤ አንድ ምረጪ። ተጫዋችሽ በጣም ደጋግሞ የሚያደርገው ምንድነው? መራመድ ከሆነ እግሩን ሥሪ። በር መክፈት ከሆነ በሩን።

ከዓመታት በፊት ለአንድ አነስተኛ ቡድን ጌም እየሞከርኩ ስህተት ስለቅም ነበር። የሰውዬው ኮቴ ሣር ላይም፣ ድንጋይ ላይም፣ ውሃ ውስጥም ያው አንድ ድምፅ ነው። ጽፌ ብሰጣቸውም ጌሙን የሚዘጋ ስህተት ሞልቶ ስለነበር ወደ መጨረሻው ገፉት። ትክክል ነበሩ። አንድ ምሽት ግን ከመካከላቸው አንዱ አራት ድምፅ ቀዳ፤ ለሣር፣ ለድንጋይ፣ ለእንጨት፣ ለውሃ። በማግስቱ ሌሎቹ ሞካሪዎች ስለ ለውጡ ምንም ሳይነገራቸው ተጫወቱ። ሦስቱ «ሥዕሉ አምሯል» ብለው ጻፉ። አንድም ሥዕል አልተነካም ነበር።

ቀጥሎ ዓይን ነው። በ2002 የወጣው የዜልዳ ዊንድ ዌከር ላይ ዋናው ገፀ ባሕርይ ሊንክ ዓይኑ ትልልቅ ነው፤ ክፍል ሲገባ ጠቃሚ ነገር ወዳለበት ያያል። እንቆቅልሽ ላይ ተጣብቀሽ መቆም ሲሰለችሽ የእሱን ፊት ብታዪ፣ ከአንቺ በፊት መልሱን እያየ ታገኚዋለሽ። ጽሑፍ የለ፣ ቀስት የለ፤ ሁለት ዓይን ብቻ።

ሕግ ማስተማርም ካስፈለገሽ በትንሽ ነገር አስተምሪ። በ2004ቱ ሃፍ ላይፍ 2 መጀመሪያ ላይ አንድ ፖሊስ የመጠጥ ቆርቆሮ መሬት ላይ ይጥልና አንስተህ ቅርጫት ውስጥ ክተት ይልሻል። ትከቺያለሽ፤ ያሳልፍሻል። ፊቱ ላይ ትወረውሪያለሽ፤ በዱላ ያባርርሻል። በዚያች ቆርቆሮ ዕቃ እንዴት እንደሚነሳና እንደሚወረወር ተምረሻል፣ ከተማዋን ማን እንደያዛትም ገብቶሻል።

የጂቲኤ 5ን ዓይነት ነገር ግን ለጊዜው ተዪው። መኪናውን አጥፍተሽ ስትወርጂ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ጥ፣ ጥ፣ ጥ የሚል ድምፅ ያሰማል፤ ነጠላ ጫማ ያደረገ ሰው ደግሞ ሲራመድ ተረከዙ ላይ ሲመታው ይሰማል። በጣም ያስደስተኛል፤ ግን ብዙ ሰውና ብዙ ዓመት የያዘ ቡድን ሥራ ነው። አንቺ አንድ ወር ነው ያለሽ። ኮቴውን ቅጂ።

ጥያቄ፦ *እኔ ቪዲዮ ላይ ካላየሁ በቀር ምንም አግኝቼ አላውቅም። ዓይኔ ምን ሆኖ ነው?* — ምንም ያላገኘሁ

ዓይንህ ደህና ነው። በ2009 ባትማን አርክሃም አሳይለም ሲወጣ ስንት ሰው ተጫወተው! የእስር ቤቱ ኃላፊ ቢሮ ውስጥ ምንም ምልክት የሌለበት አንድ ግድግዳ አለ፤ ፈንጂ ደጋግመህ ብትለጥፍበት ይፈርሳል፣ ከኋላው የሚቀጥለው ጌም ከተማ ፕላን የተሰቀለበት ክፍል ይገኛል። ሠሪዎቹ ራሳቸው እስኪናገሩ ድረስ ማንም አላገኘውም። የተባለው ጌም አርክሃም ሲቲ ሆኖ በ2011 ወጣ።

የሚገኝም አለ። ጌም ሠሪው ድርጅት አታሪ በዚያን ጊዜ የሠራተኞቹን ስም ጌሙ ላይ አያወጣም ነበር። ዋረን ሮቢኔት በ1980 ለወጣው አድቬንቸር ማንም የማያየው አንዲት ግራጫ ነጥብ ሠራ፤ ቀለሟ ከወለሉ ጋር አንድ ነው። ነጥቧን አንስቶ ወደ ትክክለኛው ቦታ የወሰዳት ሰው በግድግዳ አልፎ፣ ጌሙን የሠራው ዋረን ሮቢኔት መሆኑን የሚናገር ጽሑፍ ያለበት ክፍል ይገባል። ለአለቆቹ አልነገራቸውም። እሱ ከሥራው ከለቀቀ በኋላ አንድ ወጣት ተጫዋች አገኘውና ለድርጅቱ ደብዳቤ ጻፈ። ቺፑን እንደገና ማሠራት ብዙ ገንዘብ ስለሚያስወጣ ተዉት፤ ኢስተር ኤግ የሚለው ስም ጌም ውስጥ ለተደበቀ ነገር የዋለውም ያኔ ነው።

እኔ የማደርገውን ልንገርህ። ጥግ ላይ ያለውን ካርታ ማጥፋት የሚቻል ከሆነ አጠፋዋለሁ፤ ካርታው ካለ ዓይኔ ከእሱ አይነሳም። ቦስ ከገደልኩ በኋላ ወዲያው አልወጣም። ጌሙ ሊያልቅ ሲል መጀመሪያ ወደጀመርኩበት ቦታ እመለሳለሁ፤ ሰዎቹ የሚሉት ነገር ተቀይሮ ይሆናልና። ጣሪያም አያለሁ። ከሁሉም የበለጠ የረዳኝ ግን ሌላ ሰው ሲጫወት ጎኑ ተቀምጦ ማየት ነው። ለአንድ ምሽት ጆይስቲኩን ለጓደኛህ ስጠው።

ጥያቄ፦ *ባለፈው እትም «ማይንክራፍት ላይ የለመደ ተኩላ ምን ያህል እንደቆሰለ የሚታይበት መንገድ የለም» ብለሽ ጽፈሻል። አለ። ጅራቱን እዪው።* — የተኩላ ባለቤት

ልክ ነህ፤ እኔ ተሳስቻለሁ። ደብዳቤህ እንደደረሰኝ ከፍቼ ሞከርኩት። ከአጽሞቹ ጋር ሲዋጋ የነበረው የእኔ ተኩላ ጅራቱ ወደ መሬት ወርዶ ነበር። ሥጋ ሰጠሁት፤ ትንሽ ከፍ አለ። ደግሜ ሰጠሁት፤ እንደገና ከፍ አለ። ስንት ጊዜ አብሮኝ ሲዞር ጅራቱን ጥሎ ነበር፤ እኔ ደግሞ ፊት ፊቴን እያየሁ ነበር። ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ። ከእንግዲህ ዋሻ ከመግባቴ በፊት ዞር ብዬ አየዋለሁ።